ምዕራፍ ስድስት፦ ከ273 እስከ 551

“እህቴ፣ እናትዎ በጠቅላላው ስንት ልጆች ወለዱ?”

መረጃ ሰብሳቢዋ መጠይቋን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። የቤቱ እመቤት ጣቷን እያጠፈች ትቆጥራለች። ታላቅ ወንድሟን፣ ከእሱ ቀጥላ የተወለደችውን እህቷን፣ ራሷን፣ ከበታቿ ያሉትን ሁለቱን። መረጃ ሰብሳቢዋ ስማቸውን በተርታ ጽፋ ስትጨርስ ወደ መጀመሪያው ትመለስና አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ይሄ በሕይወት አለ? ይቺስ? ሁለተኛዋ ስም ላይ ሲደርሱ ሴትዮዋ ዝም ትላለች። ሞታለች። ከሞተች ስንት ዓመት ሆናት? ስትሞት ዕድሜዋ ስንት ነበር? ነፍሰ ጡር ነበረች? በምጥ ላይ ሳለች ነው? ወይስ ከወለደች በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ውስጥ?

ሴትዮዋን እኔ በምናቤ አስቀመጥኳት። ጥያቄዎቹ ግን በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቅ ውስጥ ያሉ ናቸው። አብዛኛው ሞት መዝገብ ላይ በማይሰፍርበት አገር፣ በወሊድ ምክንያት ስንት እናት እንደምትሞት ለማወቅ ከተገኙት መንገዶች አንዱ ይኸው ነው፤ በሕይወት ያለችዋን ሴት ስለ ሟች እህቷ መጠየቅ። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በተካሄደው ጥናት 15,683 ሴቶች ቃላቸውን ሰጥተዋል። መልሳቸው ተደምሮ፣ ተመዝኖ፣ ተካፍሎ አንድ ቁጥር ወጣ፦ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞታሉ።

ይህን 412 ብዙ ሰው ያውቀዋል። በጋዜጣ ተጽፏል፣ በስብሰባ ተነግሯል፣ በመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ላይ ሳይጠቀስ የቀረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ከጎኑ የታተሙትን ሁለት ቁጥሮች የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሪፖርቱ እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 ባለው ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ይህ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ጫፍ ያለው ስፋት የመተማመኛ ወሰን ይባላል። የመተማመኛ ክልል የሚሉትም አሉ፤ ክልል ስንል የሚመጣብን ሌላ ነገር ስላለ፣ በዚህ ምዕራፍ ደግሞ የዚያኛውም ጉዳይ ስለሚነሳ፣ ወሰንን መርጫለሁ።

ከአሥራ አምስት ሺህ በላይ ሴቶች ተጠይቀው እንዴት ላይኛው ጫፍ የታችኛው እጥፍ ይሆናል? ምዕራፉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ነገሩን ከቀላሉ እንጀምር። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በጤናም ሆነ በማኅበራዊ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሠራ ሰው 384 የምትባለውን ቁጥር አይረሳትም። መልስ የማይሰጡ ይኖራሉ ተብሎ አሥር በመቶ ሲጨመርባት 422 ትሆናለች። አንድ ጊዜ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያቀርብ ያዳመጥኩት ተማሪ “ናሙናህ ለምን 384 ሆነ?” ተብሎ ቢጠየቅ “ቀመሩ ያወጣው ነው” ብሎ መለሰ። መልሱ አልተሳሳተም። ነገር ግን ቀመሩን ምን ጠይቆት ነው 384 ያለው? ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ ግማሹ ሰው አዎ፣ ግማሹ የለም የሚልበትን ነገር በአምስት ነጥብ ወዲያና ወዲህ ብቻ ስቼ፣ በ95 በመቶ መተማመኛ ለማወቅ ስንት ሰው ልጠይቅ? ቀመሩ የመለሰው ለዚህ ጥያቄ ብቻ ነው። ሌላ ጥያቄ ሌላ ቁጥር ይወልዳል።

100 ሰው ብንጠይቅ ወሰኑ አሥር ነጥብ ገደማ ወዲያና ወዲህ ይሆናል። 50 በመቶ ያልነው ነገር ከ40 እስከ 60 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስፋቱን በግማሽ ለመቀነስ ብንፈልግ 200 ሰው አይበቃንም፤ 400 ያስፈልጋል። እንደገና በግማሽ ለመቀነስ 1,600፣ አሁንም በግማሽ ለመቀነስ 6,400። ወሰኑ የሚጠበው በናሙናው ብዛት ልክ አይደለም፤ በብዛቱ ዳግም ዘር ልክ ነው።

ለምን ዳግም ዘር ሆነ? ሳንቲም ወስዳችሁ ዘውድና ጎፈር ጣሉ። 100 ጊዜ ብትጥሉ ዘውድ ልክ 50 ጊዜ አይመጣም፤ በአምስት ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የተለመደ ነው። 10,000 ጊዜ ብትጥሉ የተለመደው መዛነፍ 50 ነው። መጣሉ መቶ እጥፍ ሲበዛ መዛነፉ ግን አሥር እጥፍ ብቻ አደገ፤ ምክንያቱም ወደ ላይ የሳተውን ወደ ታች የሳተው እያጣፋው ይሄዳል። ከመቶ አምስት፣ አምስት በመቶ ነው። ከአሥር ሺህ ሃምሳ፣ ግማሽ በመቶ ነው። በመቶ እጥፍ ድካም የተገኘው አሥር እጥፍ ጥራት ነው። የናሙና ጥናት ሁሉ ውድነት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መቶ ሰዎች ብዙ ያስተምራሉ፣ ከአሥር ሺህ በኋላ የሚጨመሩት መቶዎች ግን የሚያጠቡት ነገር ከዓይን አይገባም።

እዚህ ላይ 95 በመቶ የሚለውን ማጥራት ይገባል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ። የመተማመኛ ወሰንን ጽንሰ ሐሳብ ጄርዚ ኔይማን የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲያዋቅረው 95 በመቶውን የሰጠው ለዘዴው እንጂ ለአንዱ ውጤት አይደለም። በአንድ ወቅት አንድ ሳይሆን መቶ ቡድን ወደ አገሪቱ ቢሰማራ፣ እያንዳንዱም የየራሱን ናሙና በዕጣ መርጦ የየራሱን ወሰን ይዞ ቢመለስ፣ ከመቶው ወሰኖች 95 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር ይይዙታል፤ አምስት ያህሉ ይስቱታል። የትኞቹ እንደሳቱ ግን ማንም አያውቅም። እኛ ያለን አንድ ቡድን፣ አንድ ወሰን ነው። የምንተማመነው ብዙ ጊዜ በማይስት ዘዴ መሠራቱን ነው።

አሁን ወደ እናቶቹ እንመለስ። አንድ ተማሪ በ384ቷ ተማምኖ የ384 ወሊዶችን ታሪክ ሰበሰበ እንበል። እውነተኛው ቁጥር ከ100,000 412 ከሆነ፣ በ384 ወሊዶች ውስጥ የሚጠበቀው ሞት 1.6 ብቻ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት። እንዲያውም እንዲህ ካሉ አምስት ተማሪዎች አንዱ አንድም ሞት ሳያገኝ ይመለሳል። ይህ ተማሪ “በጥናት አካባቢዬ እናት አትሞትም” ብሎ ሊጽፍ ነው? ለእንዲህ ያለው ጊዜ ባለሙያዎች በእጃቸው የያዙት አጭር ሕግ አለ፦ ከተቆጠሩት ውስጥ አንድም ካልተገኘ፣ ሦስትን ለናሙናው ብዛት አካፍል፤ የወሰኑ ላይኛው ጫፍ እሱ ነው። ሦስት ለ384 ሲካፈል ከ100,000 ወደ 780 ይመጣል። ዜሮ ያገኘው ተማሪ መረጃ ከአገር አቀፉ ቁጥር እጥፍ ሊደርስ ከተቃረበ ሞት ጋር ይስማማል ማለት ነው። ዜሮው ምንም አልነገረንም።

ስለዚህ ብርቅ የሆነ ነገር ሲለካ ወሰኑን የሚያጠበው የተጠየቀው ሰው ብዛት አይደለም፤ የተገኘው ክስተት ብዛት ነው። ልኩም ይታወቃል። 25 ሞት ከተቆጠረ ውጤቱ በ40 በመቶ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። 100 ከተቆጠረ በ20 በመቶ፣ 400 ከተቆጠረ በ10 በመቶ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ካገቡ ሴቶች 36 በመቶው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንደሚጠቀሙ ተገኝቷል፤ የዚህ ቁጥር ወሰን ስፋቱ በጥቂት ነጥቦች ብቻ የሚቆጠር ነው። ጥናቱ ያው፣ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ያው፣ ትጋቱ ያው። አንዱ በየሦስተኛው ቤት የሚገኝ ነገር ነው፣ ሌላው ከሁለት መቶ በላይ ወሊዶች አንድ ጊዜ። የእህት ጥያቄው ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት ሴት ስለ ሁለትና ሦስት እህቶቿ፣ ያውም ከጥናቱ በፊት ስለነበሩት ሰባት ዓመታት ስለምትመሰክር የአንዷ ቃል የብዙዎችን ሕይወት ይሸፍናል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ነው ወሰኑ ከ412 በ139 ወዲያና ወዲህ የቆመው።

ሌላም ምክንያት አለ። 15,683ቱ ሴቶች ከመላ አገሪቱ አንድ በአንድ በዕጣ የወጡ አይደሉም። እንዲያ ቢሆን መረጃ ሰብሳቢው ለአንዲት ሴት ወደ ሰቆጣ፣ ለሌላዋ ወደ ጂንካ ሲመላለስ ዕድሜው ያልቅ ነበር። መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፤ 202ቱ ከከተማ፣ 443ቱ ከገጠር። ከዚያ በየቦታው 28 ቤቶች ተመረጡ። ነገር ግን የአንድ መንደር ሴቶች የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ፣ የሚሄዱት ወደ አንድ ጤና ኬላ፣ ምጥ ሲጠናባቸው የሚጓዙት በአንድ መንገድ ነው። አንዷ ከነገረችን በኋላ ጎረቤቷ የምትጨምርልን አዲስ ነገር ያንሳል። ስሌቱ አስደንጋጭ ነው። የጎረቤታሞች መመሳሰል ከፍጹም መመሳሰል ሃያኛ እጅ ብቻ ነው ብለን፣ ከየቦታው 25 ሴት ብንጠይቅ፣ 15,683 ሴቶች የሚሰጡን መረጃ በየቦታው ተበታትነው ከሚገኙ 7 ሺህ ያህል ሴቶች መረጃ ጋር እኩል ይሆናል። ይህን ስሌት ለምሳሌ አቀረብኩት እንጂ መመሳሰሉ ከጥያቄ ጥያቄ ይለያያል። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ከሁለት ቀበሌ 422 ሰው መርጠው ወሰኑን ከ422 ቀበሌ የመጣ ያህል አጥብበው ሲያስቀምጡ ማየት ያሳዝነኛል።

ናሙናውን ማብዛት የማይቻልበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1899 በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የተቀጠረው ዊልያም ጎሴት ችግሩ ይኸው ነበር። የገብስ ሙከራ ማሳ ውድ ነው፤ ዓመቱን ጠብቆ የሚገኘው ውጤት አራት ወይም አምስት ቁጥር ነው። የዘመኑ ቀመሮች ደግሞ ለብዙ መቶ ቁጥር የተሠሩ ነበሩ። ጎሴት ለንደን ከስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን ዘንድ ቆይቶ ከተማረ በኋላ በ1908 ጥናቱን “ስቱደንት” በሚል የብዕር ስም አሳተመ፤ ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበርና። ያገኘው ነገር ሲጠቃለል፣ ናሙናው ትንሽ ሲሆን የመዛነፉን መጠን ራሱንም በትክክል አናውቀውም፤ ስለዚህ ወሰኑ ከተለመደው በላይ ይሰፋ ዘንድ ግድ ነው። በብዙ ቁጥር ጊዜ ወሰኑን ለማግኘት የተለመደውን መዛነፍ የምናባዛበት 1.96 ነው። በ30 ቁጥር 2.05 ይሆናል፣ በ10 ቁጥር 2.26፣ በአራት 3.18። በሁለት ቁጥር ብቻ ለመናገር የደፈረ ሰው በ12.71 ያባዛል። ያም ሆኖ ቁጥሩን መናገር ይቻላል፤ ትንሽ ናሙና ውሸት አይደለም፣ ወሰኑን የደበቀ ትንሽ ናሙና ግን ያሳስታል።

ትልቅነትም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1936 “ሊትረሪ ዳይጀስት” የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ለአሥር ሚሊዮን ሰው መጠይቅ ልኮ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ። በቀመሩ ቢሰላ ወሰኑ ከአንድ ነጥብ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። መጽሔቱ በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ አልፍሬድ ላንደን ያሸንፋል፣ ፍራንክሊን ሩዝቬልት 43 በመቶ ገደማ ያገኛል አለ። ሩዝቬልት ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ አሸነፈ። አድራሻዎቹ የተለቀሙት በአመዛኙ ከስልክ ማውጫና ከመኪና መዝገብ ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ መገመት ይቻላል። መጠይቁን ሞልቶ የመለሰውም ከዝም ባዩ የተለየ ሰው ነበር። ጤፍ የምትገዛ ሴት ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አትዘግንም፤ እጇን ወደ ውስጥ ትሰዳለች። ከአፉ ላይ አሥር ጊዜ ብትዘግንም ስለ ታችኛው የምታውቀው ነገር የለም። የመተማመኛ ወሰን የሚለካው የዕጣን ስህተት ብቻ ነው፤ ከየት እንደተዘገነ አይነግረንም።

ወሰኖቹን ይዘን ያለፉትን ጥናቶች ስናነብ ደግሞ ታሪኩ መልኩን ይለውጣል። በ1992 ዓ.ም. ጥናት ቁጥሩ 871 ነበር፣ በ1997 ዓ.ም. 673፣ በ2003 ዓ.ም. 676፣ በ2008 ዓ.ም. 412። መካከለኛዎቹን ሁለቱን ተመልከቱ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ የተጀመረው በእነዚያ ዓመታት ገደማ ነው፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተመድበዋል። ከ673 ወደ 676 የሚለውን ያየ ሰው “ያ ሁሉ ልፋት ምንም አላመጣም” ቢል አይፈረድበትም። ግን ወሰኖቹን አምጡ፦ የመጀመሪያው ከ548 እስከ 799፣ ሁለተኛው ከ541 እስከ 810። ሁለቱ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ስህተታቸው ይከማቻል፤ የሁለቱ ግማሽ ስፋት እያንዳንዱ በራሱ ተባዝቶ ይደመርና ዳግም ዘሩ ይወሰዳል። ውጤቱ 184 ነው። ስለዚህ ለውጡ ከ181 ቅናሽ እስከ 187 ጭማሪ ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። ጥናቱ ለውጥ የለም አላለም። ለውጥ መኖር አለመኖሩን በዚህ ናሙና ማየት አይቻልም ነው ያለው። በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የአንድን ፕሮግራም በጀት ሊያስቆርጥ ወይም ሊያተርፍ የሚችል ልዩነት ነው።

ከ676 ወደ 412 የተደረገው ጉዞ ሌላ ነው። ወሰኖቹ፣ ከ541 እስከ 810 እና ከ273 እስከ 551፣ ጫፍ ላይ በጥቂቱ ይነካካሉ፤ ከ541 እስከ 551 ያለው የጋራቸው ነው። ይህን አይቶ “ተነካክተዋል፣ ለውጡ የተረጋገጠ አይደለም” የሚል ሰው አጋጥሞኛል፤ የተማረ ሰውም ይሳሳትበታል። አንዱ ጥናት ወደ ላይ እስከ ጫፉ ስቶ ሌላው በዚያው ጊዜ ወደ ታች እስከ ጫፉ መሳቱ ብርቅ አጋጣሚ ነው። መለካት ያለበት ልዩነቱ ራሱ ነው። ልዩነቱ 264፣ የልዩነቱ ግማሽ ስፋት 193፤ እንግዲህ ቅናሹ ከ71 እስከ 457 ነው ማለት ነው። ዜሮ በዚህ ውስጥ የለም። ሞቱ ቀንሷል። በጥቂቱ ይሁን በግማሽ ይሁን ግን ከዚህ መረጃ መናገር አይቻልም።

በመጨረሻ በክልል ደረጃ ስላለው ጥያቄ። በየስብሰባው “የእኛ ክልል የእናቶች ሞት ስንት ነው?” የሚል ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ በጀት የሚመደበውና ተጠያቂ የሚሆነው ክልሉ ነውና። ሪፖርቱ ግን ለየክልሉ ይህን ቁጥር አያወጣም። ምክንያቱን አሁን ራሳችሁ ልታሰሉት ትችላላችሁ። አንድ ክልል የናሙናው ዘጠነኛ እጅ ቢኖረው የወሰኑ ስፋት በሦስት ይባዛል፤ 139 የነበረው 417 ይሆናል። ከ412 ላይ 417 ስትቀንሱ ከዜሮ በታች ትገባላችሁ፣ ስትደምሩ 829 ላይ ትደርሳላችሁ። እንዲህ ያለ ቁጥር ለክልሉ ጤና ቢሮ ምንም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ከጎረቤት ክልል ጋር ያለ ምክንያት ያወዳድረዋል። የአገሩን ወሰን እንኳ በግማሽ ለማጥበብ 62,732 ሴቶችን መጠየቅ፣ የቆጠራ ቦታዎቹንም በዚያው ልክ አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። ከዚህ የሚሻለው እያንዳንዱን ልደትና እያንዳንዱን ሞት በወቅቱ መመዝገብ ነው፤ በሚገባ በተያዘ መዝገብ ውስጥ የናሙና ስህተት የለም።

እስከዚያው ድረስ ያለን የሴቶቹ ምስክርነት ነው። ሪፖርቱ 412ን ሲያትም 273ንና 551ን አብሮ አትሟል። ስትጠቅሱት ሦስቱንም ጥቀሱ።